ከዳይሱ በፊት ቦታው፦ በውጊያ መሃል የመደበቅ ሕግ ደረጃ በደረጃ

በሚና ጨዋታ ውስጥ ውጊያን አስቁሞ ሁሉንም መጽሐፍ የሚያስገልጥ አንድ ቃል ቢኖር «ተደብቄያለሁ» የሚለው ነው። ተጫዋቹ ዳይሱን ወርውሮ በድምሩ 22 አምጥቷል። ጨዋታ መሪው ደግሞ «ዘቡ ፊት ለፊት ቆሞ እያየህ እንዴት ትሰወራለህ?» ይላል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። መደበቅ በተራ የሚመለሱ ሦስት ጥያቄዎች አሉት። መሞከር ይቻላል ወይ? ሙከራው ተሳካ ወይ? መቼ ያበቃል? ዳይሱ የሚመልሰው መካከለኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የሚመልሰው የቆሙበት ቦታ ነው፤ የመጨረሻውን ደግሞ ከተደበቁ በኋላ የሚያደርጉት ነገር።

ከዚህ በታች ያለው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ሕግ ነው። በ2014 የወጣውና በ2024 ታርሞ የወጣው ቅጂ በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም ስለሚለያዩ ጎን ለጎን አስቀምጠናቸዋል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የትኛውን እንደምትከተሉ ተስማሙ። ጠብ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተጫዋች የድሮውን፣ ሌላው የአዲሱን ሕግ ይዞ ሲመጣ ነው።

አለመታየትና ያሉበት አለመታወቅ

ሁሉም ነገር የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን እናጥራ። በ2014ቱ ሕግ የማይታይ ሰው ሁሉ የተደበቀ አይደለም። የመሰወር ድግምት የተደረገለት ጠንቋይ በዓይን አይታይም፤ ኮቴው ግን ይሰማል፣ የረገጠው አቧራ ይነሳል። ስለዚህ ጠላት የቆመበትን ካሬ (የካርታውን ሳጥን) ያውቃል፣ በዚያ ካሬ ላይ ሰይፍ መሰንዘርም ይችላል። የሚጎዳው በዲስአድቫንቴጅ መወርወሩ ነው፤ ማለትም ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትንሹን ይይዛል። ጠንቋዩ ያለበት ቦታም እንዲጠፋባቸው ከፈለገ አክሽን (በተራው የሚያገኘውን ዋና ድርጊት) ከፍሎ መደበቅ፣ ስቴልዝ (የመሰወር ችሎታ) መወርወር አለበት።

የተደበቀ ሰው ግን አይታይም፣ አይሰማምም። ሊመታው የፈለገ ጠላት ካሬ መገመት ይኖርበታል። ግምቱ ከሳተ ዳይሱ ስንትም ቢያመጣ ምቱ ባዶ ነው። እዚህ ላይ ጨዋታ መሪው «ሳትክ» ብቻ ይበል እንጂ «እዚያ የለም» አይበል። ሁለተኛው መልስ የተደበቀውን ሰው ቦታ በከፊል አሳልፎ ይሰጣል።

በ2024ቱ ሕግ የተሳካለት ተደባቂ «ኢንቪዝብል» የሚባለውን ሁኔታ ያገኛል። ስሙ ያሳስታል፤ ሰውዬው መስታወት አልሆነም። ትርጉሙ በተግባር ይህ ነው፦ እሱን የሚያጠቁ በዲስአድቫንቴጅ ይወረውራሉ፣ እሱ ሲያጠቃ አድቫንቴጅ ያገኛል (ሁለት ዳይስ ወርውሮ ትልቁን ይይዛል)፣ ማየትን የሚጠይቅ ድግምትም አይደርስበትም።

ደረጃ 1፦ ቦታውን መመዘን

ዳይስ ከመነሳቱ በፊት ጨዋታ መሪው ቦታውን ይፍረድ። በ2014 ሕጉ አጭር ነው፦ በግልጽ ከሚያይህ ፍጡር መደበቅ አትችልም፤ ሁኔታው ለመደበቅ ይመች አይመች የሚወስነው መሪው ነው። በ2024 መስፈርቱ ተቆጥሮ ተቀምጧል። ከባድ ግርዶሽ ውስጥ መሆን፣ ወይም ከሦስት አራተኛ ከለላ አለዚያም ከሙሉ ከለላ ጀርባ መሆን፣ በዚህም ላይ ከማንኛውም ጠላት የዕይታ መስመር ውጭ መሆን ያስፈልጋል። ሁለቱም አንድ ላይ ካልተሟሉ ሙከራ የለም።

ከባድ ግርዶሽ ማለት ድቅድቅ ጨለማ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጭጋግ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ነው። ከውጭ ሆኖ ወደዚያ ለሚመለከት ሰው የታወረ ያህል ነው። ቀላል ግርዶሽ ደግሞ ደብዛዛ ብርሃን፣ ስስ ጭጋግ፣ ሳሳ ያለ ቁጥቋጦ ነው። ይህኛው በዓይን የሚፈልገውን ሰው ያዳክማል እንጂ ለመደበቅ በራሱ አይበቃም። በቀላል ግርዶሽ ብቻ መደበቅ የሚችሉት ልዩ ፈቃድ ያላቸው ናቸው፤ በ2014 ስከልከር የሚባለውን ልዩ ችሎታ የወሰደ ገጸ ባሕርይ፣ እንዲሁም በቅጠል፣ በዝናብ፣ በበረዶ ወይም በጭጋግ ውስጥ ያለ ዉድ ኤልፍ የሚባለው ዘር። ሃፍሊንግ የሚባለው ትንሽ ቁመት ያለው ዘር ደግሞ ቢያንስ በአንድ መጠን ከሚበልጠው ፍጡር ጀርባ መደበቅ ይችላል። በ2014 ይህ ላይትፉት የሚባሉት የሃፍሊንግ ወገኖች ብቻ ነበር፤ በ2024 ለሃፍሊንግ ሁሉ ሆኗል። ግዙፉ ተዋጊ ጓደኛው ተንቀሳቃሽ ግድግዳው ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳርክቪዥን (በጨለማ የማየት ችሎታ) ላይ ነው። ጎብሊን እስከ 60 ጫማ ድረስ በጨለማ ያያል፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ጨለማው ለእሱ ደብዛዛ ብርሃን ይሆናል። ስለዚህ ጎብሊኑ በ50 ጫማ ላይ ካለ «ጨለማ ነው» ማለት መደበቂያ አይሆንም። በ65 ጫማ ላይ ከሆነ ግን ያው ጨለማ ከባድ ግርዶሽ ነው። በሌላ በኩል ዳርክቪዥን ያለው ጠላት በጨለማ ውስጥ እንደ ቀን ያያል የሚለውም ስህተት ነው። ደብዛዛ ብርሃን ቀላል ግርዶሽ ስለሆነ ዓይኑን ተጠቅሞ ሲፈልግ ዲስአድቫንቴጅ አለበት።

ችቦ የያዘውን ጓደኛችሁንም አስቡት። ችቦ 20 ጫማ ድረስ ደማቅ፣ ከዚያ አልፎ ሌላ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። ከባለ ችቦው 40 ጫማ ያልራቀ ሰው ጨለማን መደበቂያዬ ነው ሊል አይችልም።

ደረጃ 2፦ ውርወራው

ቦታው ካለፈ ተጫዋቹ የመደበቅ አክሽን ወስዶ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወረውራል፤ የዴክስተሪቲ (የቅልጥፍና) ጭማሪውን ይደምራል፣ ስቴልዝ የሠለጠነ ከሆነ ፕሮፊሸንሲውንም (የሥልጠና ጭማሪውን)። ሮግ (በስውር የሚሠራው የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ከ2ኛ ሌቭል ጀምሮ ይህን በቦነስ አክሽን (ከዋናው በተጨማሪ በሚገኝ ፈጣን ድርጊት) ያደርገዋል፤ ጎብሊኖችም እንደዚሁ። ሌሎች ሙሉ አክሽናቸውን ስለሚከፍሉ በውጊያ መሃል መደበቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣቸውም። ቢሸሹ ወይም ቢመቱ ይሻላቸዋል።

በ2014 ድምሩ የሚነጻጸረው ከእያንዳንዱ ጠላት ፓሲቭ ፐርሴፕሽን (ዳይስ ሳይወረወር ከሚቆጠር የማስተዋል ቁጥር) ጋር ነው። ይህ ቁጥር 10 ሲደመር የጠላቱ የፐርሴፕሽን ጭማሪ ነው፤ አድቫንቴጅ ካለው 5 ይጨመራል፣ ዲስአድቫንቴጅ ካለበት 5 ይቀነሳል። የ2014ቱ ተኩላ ፓሲቩ 13 ነው፤ በማሽተትና በመስማት አድቫንቴጅ ስላለው ግን ጠረን ሊደርሰው በሚችልበት ቦታ 18 ሆኖ ይቆጠራል። ውጤቱ ለየጠላቱ ይለያያል፦ ከአንዱ ተደብቀው በሌላው ሊታዩ ይችላሉ። ድምሩ ከፓሲቩ ጋር እኩል ሲመጣ ማን እንደሚያሸንፍ ሕጉ በግልጽ ስለማይናገር ከጨዋታው በፊት ወስኑት። ለተደባቂው ብትሰጡት ጨዋታው ይፈጥናል።

በ2024 መነሻው ቋሚ ነው፤ 15 ወይም ከዚያ በላይ ካመጣ ተሳካ። ከ15 በታች ከሆነ ጠላት ቀርቶ ድንጋይ ቢጠብቅም አልተደበቀም። የተገኘው ድምር ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ሊያገኘው የሚፈልግ ጠላት በፐርሴፕሽን ፍተሻ ያንን ቁጥር መድረስ አለበት።

የጦር ልብሳችሁንም ተመልከቱ። ፓድድ፣ ስኬል ሜይል፣ ሃፍ ፕሌት፣ ሪንግ ሜይል፣ ቼይን ሜይል፣ ስፕሊንትና ፕሌት ስቴልዝን በዲስአድቫንቴጅ ያስወረውራሉ። ጭማሪው +7 የሆነ ሰው 15 ለማምጣት ዳይሱ ላይ 8 ይበቃዋል፤ ይህ 65 በመቶ ዕድል ነው። በዲስአድቫንቴጅ ወደ 42 በመቶ ይወርዳል፣ በአድቫንቴጅ ወደ 88 ይወጣል። ቀላል ከሚመስሉት ውስጥ ፓድድ በዝርዝሩ መኖሩን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ ሮግ ከሆናችሁ በሌዘር (በቆዳ ልብስ) ቀይሩት።

አንድ ዙር ከቅርብ ሲታይ

የ3ኛ ሌቭል ሮግ እንውሰድ። ዴክስተሪቲው +3፣ ፕሮፊሸንሲው +2፣ ስቴልዝ ላይ ኤክስፐርታይዝ (ፕሮፊሸንሲን እጥፍ የሚያደርግ) ስላለው ጭማሪው +7 ነው። በእጁ አጭር ቀስት አለ፤ ለማጥቃት +5፣ ጉዳቱ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሲደመር 3። የቆመው ስፋቱ 5 ጫማ ከሆነ የድንጋይ ምሰሶ አጠገብ ነው። በ45 ጫማ ርቀት ላይ ሁለት ዘቦች አሉ። የ2014ቱ ዘብ መከላከያው 16፣ ሕይወቱ 11፣ ፓሲቭ ፐርሴፕሽኑ 12 ነው።

በመጀመሪያው ተራ ሮጉ ከምሰሶው ጎን ወጥቶ በተለመደው መንገድ ያስወነጭፋል። 11 ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያስፈልገው ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ቢመታም አማካይ ጉዳቱ 6.5 ብቻ ነው። ከዚያ 5 ጫማ ወደ ኋላ ተመልሶ ምሰሶውን መሃል ያስገባል፣ በቦነስ አክሽኑ ይደበቃል። ዳይሱ 9 ያመጣል፣ ድምሩ 16። በሁለቱም ሕግ ተሳካለት።

አሁን የዘቦቹ ተራ ነው። የእግራቸው ፍጥነት 30 ጫማ ስለሆነ ወደ ምሰሶው ቢመጡ 15 ጫማ ይቀራቸዋል፤ ምሰሶውን ዞረው ለማየት ዳሽ (ተጨማሪ ሩጫ) ማድረግ አለባቸው፣ ይህም አክሽናቸውን ይበላል። ቆመው ሊፈልጉ ከወሰኑም ሰርች (ፍለጋ) አክሽናቸውን ይበላል። በየትኛውም መንገድ ሮጉ አንድ ጥቃት አስቀርቷል። ርቀቱ 25 ጫማ ቢሆን ኖሮ ግን ዘቡ በእርምጃው ብቻ ዞሮ ያየውና በዚያው ተራ ይወጋው ነበር። መደበቂያ ስትመርጡ ከከለላው ውፍረት ይልቅ የጠላትን እግር ቁጠሩ።

በሁለተኛው ተራ ሮጉ ከተደበቀበት ብቅ ብሎ በአድቫንቴጅ ያስወነጭፋል። ዕድሉ ከ50 ወደ 75 በመቶ ይወጣል። አድቫንቴጅ ስላለውም ስኒክ አታክ (የሮግ ተጨማሪ ጉዳት) ይጨመርለታል፤ በዚህ ሌቭል ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ነው። አማካይ ጉዳቱ 13.5 ይሆናል፣ የዘቡ ሕይወት 11 ነው። ክሪቲካሉን (ዳይሱ 20 ሲያመጣ የሚጨመረውን ጉዳት) ሳንቆጥር፣ በየጥቃቱ የሚጠበቀው ጉዳት ከ3.25 ወደ 10 ገደማ አደገ ማለት ነው።

ይህ ስሌት የሚለወጥበት አንድ ነገር አለ። ከዘቡ በ5 ጫማ ውስጥ ጓደኛችሁ ቆሞ እየተዋጋ ከሆነ ስኒክ አታክ ያለ መደበቅም ይገኛል። ያን ጊዜ መደበቅ የሚጨምረው የመምታት ዕድልንና የራሳችሁን ደኅንነት ብቻ ነው። በ2024 ደግሞ የ3ኛ ሌቭል ሮግ ስቴዲ ኤይም አለው፦ በተራው ካልተንቀሳቀሰ በቦነስ አክሽን ያለ ምንም ውርወራ አድቫንቴጅ ያገኛል፣ በዚያ ተራም ከቦታው አይነቃነቅም። አድቫንቴጁን ብቻ ከፈለጋችሁ እሱ ይሻላል። በጠላት ተራ ላለመመታት ከሆነ ግን ተደበቁ።

ደረጃ 3፦ መቼ ያበቃል

በ2014 ከተደበቀበት ያጠቃ ሰው መታም ሳተም ቦታው ይታወቃል። አድቫንቴጁ ለዚያ ጥቃት ይሠራል፤ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ የሚያጠቃ ተዋጊ ሁለተኛውን በተለመደው መንገድ ይወረውራል። ድምፅ ማሰማትም ያጋልጣል። የስከልከር ችሎታ ያለው ብቻ በርቀት መሣሪያ ሲስት ቦታው አይታወቅም።

በ2024 የሚያበቃባቸው አራት ነገሮች ተዘርዝረዋል፦ ከሹክሹክታ ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣት፣ በጠላት መገኘት፣ ለጥቃት ዳይስ መወርወር፣ የቃል ክፍል ያለው ድግምት መደገም። የመጨረሻው ተረስቶ ብዙ ጠንቋይ ያጋልጣል። ለጓደኛ «ከኋላህ ነው!» ብሎ መጮህም በመጀመሪያው ውስጥ ይወድቃል።

ከባዱ ጥያቄ በገላጣ ሜዳ መራመድ ነው። የ2014ቱ ሕግ በውጊያ ላይ ያለ ሁሉ ዙሪያውን ስለሚቃኝ ከመደበቂያ ወጥቶ ወደ ጠላት የሚጠጋ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደሚታይ ይናገራል፤ ጠላቱ ሐሳቡ በሌላ ነገር ከተያዘ ግን መሪው ሊፈቅድ ይችላል። የ2024ቱ ዝርዝር ላይ «ከለላውን መልቀቅ» በስም አልተጻፈም። ቃሉን ብቻ ይዞ የሚከራከር ተጫዋች በጠራራ ፀሐይ በዘቡ አፍንጫ ሥር አልፋለሁ ይላል። እኛ የምንመክረው ብያኔ ይህ ነው፦ ከለላውን ለቆ በዚያው ተራ የሚያጠቃ ሰው አድቫንቴጁን አይጣ፤ ተራውን ጠላት በግልጽ በሚያየው ቦታ ላይ ከጨረሰ ግን እንደተገኘ ይቆጠር። ይህ ሮጉ ከጥግ ዘሎ እንዲወጋ ይፈቅድለታል፣ በአዳራሽ መሃል ተሰውሮ እንዲቆም ግን አይፈቅድለትም።

ጠላት ምን ማድረግ ይችላል

ጨዋታ መሪ ከሆናችሁ ጠላቶቹን እንደ ዕውር አታጫውቷቸው። ርካሹ መፍትሔ መራመድ ነው፤ ከለላውን ዞሮ ያየ ሰው ዳይስ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ሬዲ አክሽን (ድርጊትን አዘጋጅቶ መጠበቅ) ነው፦ «ከዚያ ምሰሶ ጀርባ ሲወጣ እወረውራለሁ»። በአንድ ምሰሶ ጀርባ ሦስት ጊዜ የሚመላለሰውን ሮግ ለመግታት ከሕጉ ውጭ ቅጣት ከመፍጠር ይልቅ ይህ ፍትሐዊ ነው። ሦስተኛው አካባቢን የሚመታ ድግምት ነው። ፋየርቦል በ20 ጫማ ሬዲየስ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይፈጃል፤ ማን የት እንዳለ ማየት አይጠይቅም።

ብላይንድሳይት ያላቸው በዓይን ስለማይመኩ ጨለማና ጭጋግ አይከለክሏቸውም። ሙሉ ከለላ ግን አሁንም ይሠራል። ትሬመርሴንስ (ንዝረትን የመለየት ችሎታ) ደግሞ መሬት የሚረግጠውን ሁሉ ያገኛል።

በ2014 አንድ ዘብ አግኝቶ «ከበርሜሉ ጀርባ ነው!» ብሎ ቢጮህ ሌላው ዘብ ካሬውን አወቀ እንጂ ሰውየውን አላየም። ይወጋል፣ ግን በዲስአድቫንቴጅ። በ2024 አንዱ ጠላት ካገኘው ሁኔታው ለሁሉም ያበቃል።

አንድ የሚዘነጋ ጥቅምም አለ፦ ኦፖርቹኒቲ አታክ (ከጎን በሚርቅ ሰው ላይ የሚሰነዘር ጥቃት) የሚደረገው በሚታይ ጠላት ላይ ብቻ ነው። ተደብቆ ሳይታይ ከጠላት ጎን የሚርቅ ሰው ከኋላው አይወጋም።

ደፈጣ፦ ውጊያው ሳይጀመር

በ2014 አድፍጦ የጠበቀ ቡድን ያልተነቃበት እንደሆነ ጠላቶቹ ሰርፕራይዝድ (ድንገት የተያዙ) ይሆናሉ፤ በመጀመሪያ ተራቸው አይንቀሳቀሱም፣ አክሽንም የላቸውም፣ ተራቸው እስኪያልፍ ሪአክሽን (አጸፋ) አያደርጉም። ይህ አንድ ሙሉ ዙር በነጻ ማግኘት ስለሆነ ውጊያውን እዚያው ሊጨርሰው ይችላል። በ2024 ቀለል ተደርጓል፦ የደነገጠው ለኢኒሼቲቭ (ለተራ ቅደም ተከተል) በዲስአድቫንቴጅ ይወረውራል፣ የተደበቀው ደግሞ በአድቫንቴጅ።

የቡድን ደፈጣ የሚከሽፈው በሒሳብ ነው። በ2014 ጠላት ከአድፋጮቹ አንዱን ብቻ ቢያስተውል አይደነግጥም። እያንዳንዱ 75 በመቶ ዕድል ያላቸው አራት ሰዎች አንድም ሳይነቃባቸው የመቅረት ዕድላቸው 32 በመቶ ገደማ ነው፤ አንዱ ፕሌት ከለበሰ ከዚያም ይወርዳል። ሦስት መውጫዎች አሉ። የብረት ለባሹን 60 ጫማ ያህል ወደ ኋላ ማስቀረት አንዱ ነው። ሁለተኛው ፓስ ዊዝአውት ትሬስ ነው፤ የ2ኛ ደረጃ ድግምት ሲሆን በ30 ጫማ ውስጥ ላሉት ሁሉ እስከ አንድ ሰዓት +10 ይሰጣል፣ ደጋሚው ትኩረቱን እስከጠበቀ ድረስ። ሦስተኛው መሪው የቡድን ፍተሻ እንዲጠቀም መስማማት ነው፦ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ ሁሉም አለፈ። ወደ ሰፈር ሰርገው ሲገቡ ይህ የተሻለ ነው፤ ሁሉም ለየብቻ ከወረወረ አንድ ሰው መውደቁ አይቀርምና።

ወረቀት ላይ መያዝ

ውጊያው እየሞቀ ሲሄድ ማን ከማን እንደተደበቀ ይረሳል። የጠላቶችን ፓሲቭ ፐርሴፕሽን ከኢኒሼቲቭ ዝርዝሩ አጠገብ አስቀድማችሁ ጻፉ። ተጫዋች በተደበቀ ቁጥር ድምሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከምስሉ ሥር ያስገባ፤ «16» ብሎ የተጻፈው ወረቀት እዚያ እስካለ ድረስ ተደብቋል፣ ሲጋለጥ ወረቀቱ ይነሳል። ጠላት ሲደበቅ ግን ምስሉን ከካርታው ላይ አንሱት፣ ካሬውን በመሪው ወረቀት ላይ መዝግቡ፣ ስቴልዙንም ከስክሪኑ ጀርባ ወርውሩ። ተጫዋቾች ድምሩን ካዩ ፍለጋቸው ይለወጣል።

በ2019 የወጣውን የፓዝፋይንደር 2ኛ እትም የምትጫወቱ ከሆነ ይህ ምዝገባ የበለጠ ያስፈልጋችኋል፤ እዚያ ደረጃዎቹ በስም ተለይተዋል። የሚታይ፣ ካሬው የሚታወቅ ግን የማይታይ፣ ካሬውም የማይታወቅ፣ ጨርሶ መኖሩ የማይታወቅ። ካሬው ብቻ የታወቀን ሰው የሚያጠቃ መጀመሪያ ያለ ምንም ጭማሪ 11 ወይም በላይ መወርወር አለበት፤ ካልሆነ ጥቃቱ ይከሽፋል። መደበቅና ሾልኮ መሄድም ለየብቻ የሚከፈሉ አክሽኖች ናቸው፦ መጀመሪያ በከለላ ወይም በግርዶሽ መደበቅ፣ ቀጥሎ በግማሽ ፍጥነት መሾለክ፣ ሲጨርሱም እንደገና ከለላ ወይም ግርዶሽ ውስጥ መገኘት። መሃል ሜዳ ላይ የጨረሰ ሾላኪ ውርወራው ምንም ያህል ቢያምር ይታያል።